የሐጂ በር አረንጓዴ ነው

አጸደ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ኩሽናው መሃል ቆማለች። ይጠራል። ይጠራል። አይነሳም።

ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ያውም የሁዳዴ ዓርብ። በእንዲህ ያለ ቀን በሰው አገር ሁርሊንግሃም በሚባል ሰፈር ያለው የሐበሻ ምግብ ቤቷ ከረፋዱ ጀምሮ የጾም በያይነቱ ፈላጊ ይጎርፍበታል። ዋናዋ ምግብ አብሳይ ራሔል የድስቱን ክዳን አንስታ፣ "እትዬ፣ እስቲ ምስሩን ይዩልኝ፣ ወፈረ እንዴ?" አለቻት። አጸደ አየችው። ይወፍር ይቅጠን አልታወቃትም።

"ጥሩ ነው" አለች።

ራሔል ክው አለች። አጸደ በመጀመሪያ እይታ "ጥሩ ነው" ያለችው ወጥ እስከ ዛሬ አልተሠራም።

እውነቱን ለመናገር አጸደ የሚፈሯት እንጂ የምትፈራ ሴት አይደለችም። አትክልት አቅራቢው ከሥር የላሸቀ ቲማቲም ደብቆ ያመጣ ዕለት ገና ከመኪናው ሳይወርድ ነው ይቅርታ የሚጀምረው። ዛሬ ግን ይቺው ሴት ሰው እንዳያያት ወደ ዕቃ ቤቱ ገባች፣ በሩን ገርበብ አደረገችና የጤፍ ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። እንደገና ደወለች። አይነሳም።

"ምነው ሐጂ" አለች ለስልኩ። "ይቆጡኝ፣ ይስደቡኝ፣ ብቻ ያንሱት!"

ቀጥላ የደወለችው ለሚስ ንጄሪ ነው። ሚስ ንጄሪ ኡቱሊቩ የሚባለው የጡረተኞች መንደር ሥራ አስኪያጅ ናት። መንደሩ ከሩንዳም ከሩዋካም አልፎ፣ የሻይ ተክል ከለበሱት ኮረብታዎች ሥር ያለ ጸጥ ያለ ቦታ ነው፤ ከሃምሳ አምስት ዓመት በታች የሆነ ሰው አይኖርበትም። አጸደ እዚያ ሁለተኛ ቤት አላት። ባሏ ብርሃነመስቀል በሕይወት ሳለ፣ "ስናረጅ እዚህ ነው የምንገባው" ብሎ የገዛው ነው። ብርሃነመስቀል እርጅናን ሳያያት አረፈ። እሷም ኪሌሌሽዋ ካለው አፓርታማዋ ብቻዋን መነቃነቅ አቃታትና ቤቱን አከራየችው። ተከራዩ ሐጂ አብዱልፈታ ናቸው፤ ይኸው ስልካቸውን የማያነሱት።

"ማማ ሚናስ፣ አትጨነቂ" አለች ሚስ ንጄሪ። እዚህ አገር እናት በልጇ ስም ነው የምትጠራው። "አስካሪው፣ ዘበኛው፣ ጠዋት ዞሯል። የሐጂ በር አረንጓዴ ነው። ዩኮ ሳዋ፣ ደህና ናቸው።"

በኡቱሊቩ እያንዳንዱ በረንዳ ላይ አንድ ጎኗ ቀይ፣ አንድ ጎኗ አረንጓዴ የሆነች ክብ ጣውላ ተንጠልጥላለች። ነዋሪው ማታ ሲተኛ ወደ ቀዩ፣ ጠዋት ሲነሳ ወደ አረንጓዴው ያዞራታል፤ ነቅቻለሁ፣ ደህና ነኝ እንደ ማለት ነው። ረፋዱ ላይ ጥበቃው በብስክሌት ይዞርና ቀይ ያየበትን በር ያንኳኳል። ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ወድቆ፣ ሰው ሳያውቅለት እንዳይቀር የተበጀ ዘዴ ነው።

አጸደ እፎይ ልትል አፏን ከከፈተች በኋላ ነው ነገሩ ትዝ ያላት።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ተያይዘው ነው የገቡት። ባለፈው ሰሞን ሐጂ በስልክ እየሳቁ፣ "እኔ እኮ ለሱሁር ጎህ ሳይቀድ ነው የምነሳው። ሱሁሬን በልቼ፣ ያቺን ጣውላ ገልብጬ፣ ፈጅር ሰግጄ ነው ተመልሼ የምተኛው። አለዚያ አስካሪው ረፋዱ ላይ በሬን እየደበደበ እንቅልፍ ይነሳኛል" ብለዋት ነበር። እሷም አብራ ስቃለች። ምን ያስቃል? አሁን ሲያስቡት ምኑም አያስቅም።

አረንጓዴው የሚናገረው ሐጂ ጎህ ሳይቀድ ደህና እንደነበሩ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ምን እንደሆኑ ጣውላዋም አታውቅ፣ አስካሪውም አያውቅ። ይህን ያወቀችው አጸደ ብቻ ነበረች፤ አስካሪው እንዲያንኳኳ ለሚስ ንጄሪ መልሳ ብትደውል እሷም አታነሳም።

*

ሐጂ አብዱልፈታ የሞያሌ ሰው ናቸው። ኢስትሊ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ጨርቅ ሲነግዱ ኖረው፣ ሱቁን ለልጃቸው ለኸባብ አስረክበው፣ ጸጥታ ፍለጋ ነው ኡቱሊቩ የገቡት። ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ኪራይ አንድ ቀን አሳልፈው አያውቁም። ግን ደግሞ በየወሩ መግቢያ ይደውላሉ፤ "ወይዘሮ አጸደ፣ የኩሽናው መስኮት መቀርቀሪያ አሁንም አልያዘም።" አጸደ አናጺ ትልካለች። አናጺው "ጠግኜዋለሁ" ብሎ ይመለሳል። ወሩ ሲብት ስልኩ ይጮሃል፤ "ወይዘሮ አጸደ፣ ያ መቀርቀሪያ..."

"ይሄ ሽማግሌ ጨቅጭቆ ሊገድለኝ ነው!" ብላ አንድ ቀን ራሷ ሄደች። ጠጋ ብላ ስታየው ብሎኑ የተፈታው በቢላ ነው፤ ጭረቱ ያስታውቃል። ቀና ብላ አየቻቸው። ያ ኢስትሊን ያንቀጠቀጠ ነጋዴ እንደ ትንሽ ልጅ ዓይኑን ሰበረ።

"መስኮቱ ደህና ቢሆን በምን አሳብቤ ልደውል?" አሉ።

አጸደ ልትቆጣ ነበር። አልቻለችም። ኮስተር ብላ ከቤቱ ወጣች፣ መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች፣ ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። መቀርቀሪያውንም ከዚያን ቀን ወዲህ ያስጠገነው የለም።

ከዚያ በኋላ ወሩ እስኪብት የሚጠብቅ አልነበረም። የተበላሸ ነገር ሳይኖር ይደዋወላሉ። አንድ ቀን መንገድ ዳር በአንድ ጃንጥላ ሥር ቆመው ሎሚና ሚጥሚጣ የተቀባ የበቆሎ ጥብስ ሲበሉ ዝናቡ አስቆያቸው፤ እሷ እንኳን ዝናቡ ነው ባይ ናት። ጾሞቹ ሊገቡ ሲሉ ደግሞ ሐጂ በረንዳቸው ላይ አስቀምጠዋት፣ ፊት ለፊት ያለውን የሻይ ተክል እያዩ፣ "አጸደ፣ የዘንድሮን ኪራይ ማደስ አልፈልግም" አሏት።

"ምነው? ቤቱ አስቀየመዎት?"

"ቤቱ ምን በወጣው። ተከራይሽ ሆኜ መቅረት ነው ያልፈለግኩት።" ወደሷ ዞሩ። "እኔ ወደ ቂብላዬ፣ አንቺ ወደ ምሥራቅሽ ቆመን እንጸልይ። ያንቺን ካንቺ አልነጥቅም፣ የኔን ከኔ አትነጥቂም። ጣራችን ግን አንድ ይሁን። ዛሬ መልሺልኝ አላልኩም። ፈርተሽ ስትጨርሺ ንገሪኝ።"

ፈርታ መጨረስ! እሱ ነበር ያቃታት። ቤተ ክርስቲያኗን ፈራች፤ ቁርባኗን እንደሚያሳጣት ታውቃለች። የማኅበሯን ሴቶች አፍ ፈራች። ከሁሉም ግን ልጇን ሚናስን ፈራች። "ላስብበት" ብላ ተነሳች፤ ሐጂም በር ድረስ ሸኝተዋት ሌላ ቃል አልጨመሩም። ዝምታዋን እንደ እፍረት ቆጠሩት፤ እሷ ደግሞ ዝም ማለታቸውን እንደ መጸጸት። ሁለቱም ሲጎዱ ሰነበቱ።

*

የበቆሎውን ወሬ ለሚናስ ያደረሰችው ከማኅበርተኞቿ አንዷ ናት። ሩንዳ ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ በመኪና መስኮት አይታቸው ኖሯል። ትናንት ማታ ሚናስ ኪሌሌሽዋ መጥቶ ሳሎን ቁጭ አለ፣ የአባቱን ፎቶ አየ፣ እናቱን አየ።

"ማሚ፣ ያ ቤት አባዬ ለናንተ ብሎ የገዛው ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው... አይ ካንት፣ አልችልም። ይልቀቅልን። ልጄ ሊገባበት ነው ብለሽ ንገሪው።"

"አንተ ገና ሠላሳህን ያልደፈንክ፣ ጡረተኛ ሰፈር ማን ያስገባሃል?"

"እንግዲያው ይሸጥ። አሁኑኑ ደውዪ፤ ስፒከር ላይ።"

እናት ልጇን ስትፈራ ማየት ደስ አይልም። አጸደ ደወለች።

"ሐጂ... ቤቱን ለራሳችን ፈልገነው ነበር። ከጾሙ በኋላ ቢለቁልን።"

ቀጥሎ የመጣው ድምፅ እንደ ድሮው፣ እንደ መጀመሪያው ወር ነበር። "ወይዘሮ አጸደ፣ መልስዎ ይህ ነው?"

ሚናስ አፍጥጦ ያያታል። "አዎ" አለች።

"እሺ። አልሐምዱሊላህ።"

ስልኩ ተዘጋ። ሚናስ ትከሻዋን አቅፎ ሳማትና ሄደ። አጸደ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች ቀረች፤ በገዛ አፏ "አዎ" ያለችውን ማመን አቃታት።

*

ሚናስ ዓርብ ዓርብ ሒሳብ መቀበያው ላይ ተቀምጦ ያግዛታል። ከዕቃ ቤቱ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ ፊቷን አይቶ ብድግ አለ።

"ወዴት ነው?"

"ኡቱሊቩ። ሐጂ ስልክ አያነሱም።"

"ማሚ፣ ሲሪየስሊ! ሰውየው አኩርፎ ነው። ትናንት ልቀቅ ብለሽው ዛሬ ስልክ ያንሳልሽ?"

"አረንጓዴ ነው አሉኝ፣ ግን..."

"አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ደህና ነው ማለት ነው፤ ሲምፕል።"

"አይደለም!" ጮኸች። በላተኛው ሁሉ ዞረ። አጸደ ደንበኛ ፊት ጮሃ አታውቅም። "በረመዳን በሌሊት ነው የሚገለብጧት። ከዚያ በኋላ ወድቀውም ቢሆን፣ ሞተውም ቢሆን አረንጓዴ ነው። ገባህ? ሞተውም ቢሆን!"

ሚናስ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። "ብቻሽን አትሄጂም። ሄደን ኩርፊያውን በዓይንሽ ታዪና እንመለሳለን።"

ሩዋካ ላይ መንገዱ ጃም ነው፤ መኪናው ከመኪናው ተጣብቆ አይነቃነቅም። ቦዳ ቦዳዎች በመሃል ሽው እያሉ ያልፋሉ። አጸደ እያንዳንዱን ሞተር ብስክሌት በዓይኗ ትከተላለች።

"ወርጄ ቦዳ ቦዳ ልያዝ?"

"በነጠላሽ?"

"በነጠላዬ! ምን አገባው ነጠላዬ?"

ሚናስ ሊስቅ ከጅሎት ነበር፤ ተወው። "ዛሬ ጁምዓ ነው እኮ። መስጊድ ሄዶ ይሆናል።"

"ጁምዓ የሚሄዱት እኩለ ቀን ሲሆን ነው። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ነው የምደውለው።"

"የጁምዓ ሰዓታቸውን ሁሉ ታውቂያለሽ?"

አጸደ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሚናስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እንግዲያው ልጁን ጠይቂው፣ ኸባብን" አላት።

"ስልኩ የለኝም። ቢኖረኝስ ምን ብዬ? ማን ነሽ ቢለኝ ምን እለዋለሁ?" እንባዋ መጣ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። "ሚናስ፣ አባትህ ያንን ቤት ለእርጅናችን ገዛው። እርጅናውን ግን ለብቻዬ ትቶልኝ ሄደ። አንተ ጥሩ ልጅ ነህ፤ አብረኸኝ ግን አታረጅም። ስንት ነገር እንደምፈራ ታውቃለህ? ቤተ ክርስቲያኔን እፈራለሁ። ሰውን እፈራለሁ። አንተን እፈራለሁ፣ የወለድኩህን። ዛሬ ጠዋት ግን ያ ስልክ አልነሳ ሲል ሌላው ፍርሃት ሁሉ የልጅ ጨዋታ ሆነብኝ።"

ሚናስ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። ከፊታቸው ያለው መኪና ሲንቀሳቀስ ጥሩምባውን ሳይነካ ከመስመር ወጣና የዳሩን አቧራ ይዞ ነዳው። አጸደ "ቀስ" አላለችውም፤ በልቧ መድኃኔዓለምን እየለመነች የበሩን እጀታ ጨብጣ ተቀመጠች።

*

በመግቢያው ያለው አስካሪ ሰላምታ ሊሰጣት እጁን ሲያነሳ፣ "ሐጂ ዛሬ ወጥተዋል?" አለችው በስዋሂሊ።

"አልወጡም ማማ። የመስጊዱ መኪና መጥቶ ጠብቆ፣ ስልካቸው አልነሳ ሲለው ተመልሷል። በራቸው ግን አረንጓዴ ነው።"

ዛሬ ይሄን ቃል የማይላት ሰው የለም ማለት ነው! አጸደ በእግሯ ሮጠች። ከሃምሳዎቹ አጋማሽ ያለፈች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት በጡረተኞች መንደር መሃል ነጠላዋን እየጎተተች ስትሮጥ፣ አበባ የሚያጠጡ ሽማግሌዎች ቧንቧቸውን ይዘው ቀሩ።

ጣውላዋ በረንዳው ላይ በቀስታ ትወዛወዛለች፤ አረንጓዴ። ጥርት ያለች አረንጓዴ። አንኳኳች። "ሐጂ!" በጡጫዋ ደበደበች። ዝም። የራሷን ቁልፍ አውጥታ ስታስገባው አልገባ አለ፤ ሐጂ ቁልፋቸውን ከውስጥ ሰክተውታል።

ሚስ ንጄሪ እያለከለከች ደረሰች። "ማማ ሚናስ፣ ፖሌ፣ ይቅርታ፣ ግን ደንቡን ታውቂዋለሽ። በሩ አረንጓዴ ከሆነ አከራይ ያለ ተከራዩ ፈቃድ አይገባም። ተኝተው ቢሆንስ? ሰው ማየት ባይፈልጉስ?"

"ባይፈልጉ ያባርሩኛ!" አለች አጸደ። "ብቻ ተነስተው ያባርሩኝ!"

ያኔ አጸደ ተከትሏት ወደ ደረሰው ልጇ ዞረች። "ሚናስ፣ የኩሽናው መስኮት አይቆለፍም። መቀርቀሪያው አልያዘም።"

"አልጠገንሽውም?"

"አልጠገንኩትም። ግባ ልጄ፣ አፈር ስሆን ግባ!"

ሚናስ ወደ ጓሮ ዞረ። አጸደ ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ሰማች። መስኮቱ ተከፈተ። አንድ ነገር ከመደርደሪያው ወድቆ ተሰበረ። የልጇ እርምጃ። ከዚያ ድምፅ ጠፋ፤ ያቺ ዝምታ ያስረጀቻትን ያህል ዓመታቱ አላስረጇትም። ከዚያ የሚናስ ድምፅ፣ የሕፃንነቱ ድምፅ፣ "እማዬ! እማዬ ቶሎ!" አለና በሩ ተከፈተ።

*

ሐጂ አብዱልፈታ በአልጋውና በቁም ሣጥኑ መካከል በጎናቸው ወድቀዋል። ወንበር ተገልብጧል። አንድ ትልቅ ሻንጣ እግራቸው ላይ ተጋድሟል። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ዓይናቸው ተከድኗል።

"አብዱልፈታ!" አጸደ ወለሉ ላይ ወደቀች። ሐጂ ማለቱም እርስዎ ማለቱም ከአፏ ጠፋ። "አብዱልፈታ፣ ዓይንህን ግለጥ! እኔ ነኝ! በሞቴ፣ ዓይንህን ግለጥልኝ!"

ሽፋሽፍቶቹ ተንቀሳቀሱ። ዓይናቸው ተገለጠ፤ ፈለጋት፣ አገኛት።

"ስልኩ ሲጮህ እሰማ ነበር" አሉ በደረቀ ከንፈር። "ሳሎን ነው ያለው፤ ልደርስበት አልቻልኩም። ለእርዳታ የሚሳበው ገመድም መታጠቢያ ቤት ነው። ዳሌዬ እንቢ አለኝ። ስልኩ ዝም ባለ ቁጥር አበቃ፣ ተወችኝ እላለሁ። መልሶ ይጮሃል። እሱን እየሰማሁ ነው የቆየሁት።"

"ውሃ! ሚናስ ውሃ አምጣ!"

ሚናስ ብርጭቆ ይዞ እየሮጠ መጣ። ሐጂ አፋቸውን ገጠሙ። "ገና አልመሸም።"

"ወይ ጉድ! አጥንትህ ተሰብሮ ጾም? የታመመ ሰው እንዳይጾም በናንተም ተፈቅዷል፤ አንተው ነህ ያስተማርከኝ። ጠጣ ብዬሃለሁ!"

ሐጂ በዚያ ሕመማቸው መሃል ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። "ምን አይነት አከራይ ነው የጣለብኝ" ብለው ተጎነጩ። ሚናስ ተንበርክኮ ጭንቅላታቸውን በመዳፉ ደግፎ ያዘ፤ ሚስ ንጄሪ ከኋላ አምቡላንስ ትጠራለች። ሐጂ ወጣቱን ቀና ብለው አዩት።

"አንተ ነህ ሚናስ? አባትህን ትመስላለህ አሉኝ። ልጄ፣ ቤቱን ልለቅልህ ነበር እኮ። ሱሁሬን በልቼ፣ ሰግጄ፣ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ሻንጣዬን ላውርድ ብዬ ወንበር ላይ ወጣሁ። እናትህ አንዴ አዎ ካለች በኋላ እዚህ አንድ ቀን ማደር ከበደኝ።"

ሚናስ አንገቱን ደፋ፤ ሐጂን የደገፈበት እጁ ላይ እንባው ጠብ አለ። አጸደ የልጇን እንባ ስታይ ቁጣዋ ሁሉ ውስጧ ሟሟ። ፍርሃቷ ግን እንዳለ ነው፤ የሐጂ እጅ በረዶ ሆኗል።

*

የአምቡላንሱ ሰዎች ሐጂን በቃሬዛ አወጧቸው። ሕመሙ ሲበረታ ጥርሳቸውን ነክሰው የአላህን ስም ይጠራሉ። ከሐኪሞቹ አንዱ ልባቸውን አዳምጦ ለባልደረባው በዝግታ የሆነ ነገር ነገረው፤ ፊቱ አጸደን አላማራትም።

"ቶሎ እንሂድ" አለ። "አብሯቸው የሚሄድ ቤተሰብ አለ?"

"ልጃቸው ከኢስትሊ ተነስቷል፣ መንገድ ላይ ነው" አለች ሚስ ንጄሪ። "እሷ አከራያቸው ናት።"

አከራይ። አጸደ ይህን ቃል ትናንት ለራሷ መሸሸጊያ አድርጋው ነበር። ዛሬ አልያዛት አለ። ሽማግሌዎቹ ከየበረንዳቸው ያያሉ። ሚናስ አጠገቧ ቆሟል።

"አከራይ አይደለሁም" አለች፤ ነጠላዋን ሰብስባም አምቡላንሱ ውስጥ ገባች። ማንም አልከለከላትም።

ሐጂ አንገታቸውን ለማንሳት ታገሉ። "አጸደ፣ ያቺ ጣውላ አረንጓዴ እንደሆነች ናት። ሰው እንዳትሸውድ።"

ሚናስ ሰማ። ወደ በረንዳው ተመልሶ ጣውላዋን በቀዩ ገለበጣት። እናቱ በአምቡላንሱ በር በኩል አየችው።

"ከሆስፒታል ብመለስስ?" አሉ ሐጂ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። "በዚህ እግሬ በረንዳ ድረስ መሄድ አልችልም። ጠዋት ጠዋት ማን ይገለብጥልኛል?"

አጸደ ገባት። የበረንዳው ጥያቄ ነው፤ ያንኑ ነው አሁን በሌላ ቃል የጠየቋት። መልሱን ዛሬ ካልሰጠች ነገ የምትሰጠው ሰው ይኑር አይኑር አታውቅም። ቤተ ክርስቲያኗ ትዝ አላት፣ የማኅበሯ ሴቶች፣ የብርሃነመስቀል ፎቶ። ኸባብስ ምን ይላት ይሆን?

"እኔ" አለች።

ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "አዝነሽልኝ ከሆነ ተይው። የሽማግሌ ስብራት እያየሽ..."

"አላዘንኩልህም!" አለች እያለቀሰች። "ፈርቼ ነው። ፈርተሽ ስትጨርሺ ንገሪኝ አልከኝ፤ እኔ ፈርቼ አልጨርስም አብዱልፈታ። አሁንም ልሞት ነው በፍርሃት። ግን እየፈራሁ እገባለሁ። ጣውላዋን የምገለብጣት እኔ ነኝ፤ ስትነቃ አይቼህ፣ ደህና መሆንህን በዓይኔ አረጋግጬ። ሰማኸኝ?"

"ሰማሁሽ" አሉ።

ሚናስ በሩ ጋ ደርሶ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል። አጸደ ልጇን አየችው፤ የዛሬው ፍርሃት ሁሉ ተሰብስቦ ፊቱ ላይ ቆመ። ሚናስ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ደጅ የተንጠለጠለውን ነጠላ አነሳና መልሶ ደረበላት።

"እማዬ፣ ከኋላ ከኋላችሁ እየነዳሁ እመጣለሁ" አለና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

መኪናው ተነሳ። አጸደ የሐጂን እጅ በሁለት እጇ ጨብጣ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። በኋላው መስኮት የሚናስ መኪና ሲከተላቸው አየች።